ከቀዶ ሕክምና በፊት የተቆጠረ ደም
በአሰላ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሽንት ፊኛ ካንሰር ነው። ርእሱ ለአደባባይ አይመችም። ሽንቱ ቀልቶ ያየ ሰው ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ወራት ያሳልፋል። ሲናገር ደግሞ ጎረቤቱ «ብርድ ነው» ይለዋል፤ በአርሲ ደጋ ብርድ ያልተከሰሰበት ሕመም የለም። ከዚያ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ሲፕሮ ይገዛል፣ ደሙም ይቆማል። መድኃኒቱ አዳነኝ ብሎ ያመሰግናል። ችግሩ፣ የዚህ በሽታ ደም በባሕርዩ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ሳያቃጥል፣ ሳያም ቀይ ሽንት ይታይና ሁለት ወር ሙሉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋናውን ከመጀመሪያው ልናገር፦ በተለይ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ሕመም የሌለው ደም በሽንቱ ካየ፣ በማግስቱ ቢጠፋም እንኳ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ ፊኛው ውስጡ በካሜራ እስኪታይም ጉዳዩ አልተዘጋም። የቀረው ንግግሬ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የሚመለከት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ2022 በዓለም ላይ ከ610 ሺህ በላይ ሰዎች የፊኛ ካንሰር አለባችሁ ተብለዋል፤ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ወደ 220 ሺህ ሰዎች ሞተዋል። ከሴት ይልቅ ወንድ ይበዛበታል። ትልቁ መንሥኤ ትምባሆ ነው፤ የጢሱ መርዝ በሳንባ ገብቶ በደም ይዞርና በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። ሁለተኛው ከሥራ ቦታ የሚመጣ ነው፤ በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ይህን ካንሰር አይቶ ከሥራቸው ጋር አያይዞት ነበር። አገራችን በትምባሆ በኩል ዕድለኛ ናት፤ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበር።

ሦስተኛው መንሥኤ ግን ከእኛ ብዙም አይርቅም። የሽንት ቢልሃርዝያ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቤ ሸበሌና በቤኒሻንጉል ኩርሙክ በኩል ይገኛል። በወንጂና በመተሃራ ያለው የአንጀቱ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱ አይምታቱ። ደጋ ላይ የተወለደ ሰው በዚህ በሽታ አይያዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ከደጋ ወርዶ በአሚባራና በመልካ ወረር የጥጥ እርሻ የሠራ ሰው ባይኖር። ጥገኛ ትሉ በፊኛ ግድግዳ ላይ እንቁላሉን ይጥላል፣ ግድግዳው ለዓመታት ይቆጣል፣ ካንሰሩም ከዚያ ሊነሣ ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 ይህን ትል ካንሰር አምጪ ከተባሉት መካከል መዝግቦታል። ሐኪም «በወጣትነትህ የት ሠራህ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ወሬ አምሮት አይደለም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ካንሰሩ በፊኛው የውስጥ ሽፋን ላይ ብቻ ካለ በመሣሪያ ይፋቃል፤ ከዚያም ፊኛው ውስጥ መድኃኒት ሊጨመር ይችላል። ወደ ጡንቻው ከዘለቀ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ዋናው ሕክምና ፊኛውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው፤ በወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ፕሮስቴትም አብሮ ይወጣል። ሽንቱ መውጫ ስለሚያጣ ከትንሹ አንጀት ቁራሽ ተወስዶ በሆድ በኩል መውጫ ይሠራለታል። ከባድ ኦፕራሲዮን ነው። ይህን ሁሉ ታግሦ ከአልጋው የሚነሣ ሰው፣ ቤተሰቡም፣ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ይመለሳል ወይ?»

መልሱ በአብዛኛው ያለው ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ በሚያየው ሥጋ ላይ ነው። በ2001 ከሎስ አንጀለስ የወጣ የ1,054 ሕሙማን ጥናት እንዳሳየው ካንሰሩ በፊኛው ውስጥ ተወስኖ ከቀረላቸው ከመቶ 85ቱ በአምስት ዓመት ውስጥ አልተመለሰባቸውም። ወደ ሊምፍ እጢ ከተሻገረባቸው ውስጥ ግን ሳይመለስባቸው የቆዩት ከመቶ 35ቱ ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሚታወቀው ግን ፊኛው ከወጣ በኋላ ነው። ከኦፕራሲዮን በፊት ኬሞቴራፒ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ውሳኔ ደግሞ የሚወሰነው ቀድሞ ነው። ሐኪሞች ቀድሞ የሚናገር ምልክት ፍለጋ ወደ ደም የዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1863 ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በዕጢዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰባስበው አይቶ ካንሰርና ብግነት ዝምድና እንዳላቸው ጠረጠረ። ብግነት ስንል ሰውነት ሲቆጣ የሚያደርገውን ሁሉ ነው፤ ማበጥ፣ መቅላት፣ መሞቅ፣ በደም ውስጥም የወታደር ሕዋሳት መብዛት። ጥርጣሬው ከመቶ ዓመት በላይ ተኝቶ ቆየ። በ2001 ሮማን ዛሆሬትስ የተባለ የብራቲስላቫ ሐኪም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳለ አንድ ቀላል ስሌት አቀረበ፦ የኒውትሮፊልን ቁጥር ለሊምፎሳይት ቁጥር ማካፈል። ሌሎች ይህን ስሌት ወደ ካንሰር ወሰዱት።

ሁለቱም ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ኒውትሮፊል ለባክቴሪያ ፈጥኖ ደራሽ ነው፤ በብዛት ይመረታል፣ ቶሎም ይሞታል። ሊምፎሳይት ጠላቱን ለይቶ የሚያስታውሰው ነው፤ የካንሰርን ሕዋስ የሚያሳድደውም በዋናነት እርሱ ነው። ሲቢሲ በምንለው ተራ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ የሁለቱም ቁጥር ይወጣል። ኒውትሮፊል 6,000፣ ሊምፎሳይት 1,500 ከሆነ ጥምርታው 4 ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ ሊያሰላው ይችላል። በዚያው ወረቀት ላይ ያለውን የፕሌትሌት ቁጥር ለሊምፎሳይት የሚያካፍሉም አሉ፤ በ2014 የሻንጋይ ተመራማሪዎች ደግሞ ፕሌትሌትን በኒውትሮፊል አባዝተው ለሊምፎሳይት አካፈሉት። የግላስጎው ሐኪሞች ከ2003 ጀምሮ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ጉበት በቁጣ ጊዜ የሚያመርተውን ሲአርፒ የተባለ ፕሮቲንና በደም ውስጥ የሚቀንሰውን አልቡሚን አጣምረው ነጥብ ሰጡ። ስማቸው ብዙ ይሁን እንጂ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰውነት ምን ያህል ተቆጥቷል?

ካንሰሩ ራሱ መቅኔን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች ይለቃል፤ ኒውትሮፊል ይበዛል። ከበዙት አንዳንዶቹ ዕጢውን ከመውጋት ይልቅ አዲስ የደም ሥር እንዲያበቅል ይረዱታል፣ የሊምፎሳይትንም ሥራ ያዳክማሉ። ፕሌትሌቶች በደም ውስጥ የምትንከራተተውን የካንሰር ሕዋስ ከበው ከአሳዳጆቿ ይሸፍኗታል። ጥምርታው ከፍ ሲል፣ በጥቅሉ፣ የሚረዱት በዝተው የሚያሳድዱት አንሰዋል ማለት ነው። ነገር ግን ብግነት ሁልጊዜ ጠላት ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ለሕፃናት ክንድ ላይ የሚወጋው ቢሲጂ፣ ከ1976 ጀምሮ ላይ ላዩን ላለ የፊኛ ካንሰር ፊኛው ውስጥ እየተጨመረ ሕክምና ሆኗል። የሚሠራውም ግድግዳውን ሆን ብሎ በማስቆጣት፣ ሊምፎሳይቶችን ወደዚያ በመጥራት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ለካንሰር መዋሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ማስረጃው ምን ይላል? በ2014 መቶ ጥናቶችን ሰብስቦ ከ40 ሺህ በላይ የተለያየ ካንሰር ያለባቸውን ሕሙማን ያየ ትንተና ወጣ፤ ጥምርታቸው ከፍ ያለው የሞት ፍጥነታቸው 1.8 እጥፍ ያህል ነበር። ስለ ፊኛው ለይቶ የተጠና ደግሞ በዚያው ዓመት ከአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ታተመ፤ ፊኛቸው የወጣላቸው 899 ሰዎች ናቸው። ከኦፕራሲዮን በፊት ጥምርታቸው 2.7ና ከዚያ በላይ ከነበሩት ውስጥ በአሥር ዓመት በካንሰሩ ያልሞቱት ከመቶ 51 ናቸው፤ ከ2.7 በታች ከነበሩት 64። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ልዩነት አለ። ሆኖም «መጥፎ» በተባለው ወገን እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት በአሥረኛው ዓመት ካንሰሩ አልገደላቸውም፤ «ደኅና» በተባለው ወገን ደግሞ ከሦስት አንዱ ከዚያ በላይ ሞቷል። ስለዚህ ይህን ቁጥር ይዞ ለአንድ ሰው «ትኖራለህ» ወይም «ትሞታለህ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ሌላም ነገር አለ። የጃፓን ሐኪሞች ወሰኑን 2.5 አደረጉት፣ ማዮዎች 2.7፣ ከመቶዎቹ ጥናቶች መካከለኛው 4 ነበር። ወሰኑ በየቦታው የሚንቀሳቀሰው ብዙዎቹ ተመራማሪዎች መረጃውን ከሰበሰቡ በኋላ ይበልጥ የሚለየውን ቁጥር ስለሚመርጡ ነው። ያላማረ ውጤት ያገኘ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያሳትምም። በ2017 ይህን ለመፈተን የተሻለ ዕድል የነበረው ጥናት ወጣ። ከፊኛ ማውጣት በፊት ኬሞቴራፒ መስጠት ይጠቅማል ወይ ብሎ 317 ሰዎችን በዕጣ የከፈለ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ሙከራ ነበር፤ የሕሙማኑ የደም ቁጥር ከፋይል ወጥቶ ተሰላ። ጥምርታው ማን ረጅም እንደሚኖርም፣ ማን ከኬሞቴራፒው እንደሚጠቀምም ሊለይ አልቻለም። እኔ በግሌ ለዚህ ጥናት ክብደት እሰጣለሁ። ቁጥሩ ዋጋ የለውም ወደሚል መደምደሚያ ግን አያደርሰኝም፤ በጥንቃቄ በተመረጡ፣ ኬሞቴራፒ ለመቋቋም ጤናቸው በበቃ ሕሙማን ላይ ጉልበቱ እንደሚደክም ያሳያል እላለሁ።

ይህ ሁሉ የሌላ አገር ደም ነው። ወደራሳችን እንምጣ፤ ዛሬ ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግሁት እዚህ ላይ ነውና።

ብዙ አፍሪካውያንና ከአፍሪካ የተወለዱ ሰዎች ፍጹም ጤነኛ ሆነው ሳለ ኒውትሮፊላቸው ከአውሮፓውያን ያነሰ ነው። ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይህ ታይቶ ተጽፏል። ምክንያቱ በ2009 በዘር ቅንጣት ደረጃ ተለየ፤ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ከሚገኝ ዳፊ ከተባለ ምልክት ጋር የተያያዘ ነው። ምልክቱ የሌላቸው ሰዎች በደማቸው የሚዞረው ኒውትሮፊል ያንሳል፤ በሽታን የመከላከል አቅማቸው ግን አላነሰም። ይኸው ምልክት ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባበት በር ነው። በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉ ምልክቱ ስለሌለው ቪቫክስ እምብዛም አይገኝም። በኢትዮጵያ ግን ቪቫክስ አለ፤ ያለውም ምልክቱ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ተቀላቅለን ስለምንኖር ነው። በአንድ የሆስፒታል ክፍል፣ በሁለት አልጋ የተኙ ሁለት የአርሲ ገበሬዎች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ።

ይህ በስሌቱ ላይ ምን ያደርጋል? ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሰው በጤናው ጊዜ ኒውትሮፊሉ 4,000፣ ሊምፎሳይቱ 2,000 ነበር እንበል፤ ጥምርታው 2። ሌላው 1,800 እና 1,800፤ ጥምርታው 1። ሁለቱም ታመሙ፤ ካንሰሩ የሁለቱንም ኒውትሮፊል እጥፍ አደረገ፣ ሊምፎሳይታቸውን በጥቂቱ ቀነሰ። የመጀመሪያው 8,000 ለ1,600፤ 5 ወጣ። ሁለተኛው 3,600 ለ1,500፤ 2.4። በማዮው ወሰን አንደኛው አደገኛ ነው ይባላል፣ ሁለተኛው ደኅና ነህ ተብሎ ይሸኛል። የሁለቱ ሰውነት ግን የተቆጣው በተቀራራቢ መጠን ነው። ተቃራኒ ስሕተትም አለ፦ ኒውትሮፊሉ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ሰው «ደምህ አልበቃም» ተብሎ ኬሞቴራፒው ሊዘገይበት ወይም ሊቀነስበት ይችላል።

ከሜክሲኮ የመጣ የስንዴ ዝርያ እዚህ በቁሉምሳ ተዘርቶ፣ የእኛን ዋግና የእኛን ብርድ ሳይፈተን ለአርሲ ገበሬ አይሰጥም። የደም ወሰንም እንደዚያው መፈተን አለበት።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኤች አይ ቪ ዘመን የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የጋራ የምርምር ፕሮጀክት በአቃቂ ፋብሪካና፣ ከዚህ ወደ አዳማ ስትወርዱ በምትደርሱበት በወንጂ ስኳር፣ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። በ1999 የ485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎችን የደም ልኬት አሳተመ፤ ሲዲ4 የሚባሉት ሊምፎሳይቶቻችን ከሆላንዳውያኑ በግልጽ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ጤነኛውን ሰው ቀድሞ ያልለካ አገር የታመመውን በምን ሊለካው ነው?

ስለ ማሽኑም አንድ ቃል። ነጭ ሕዋሳትን በሦስት ብቻ የሚከፍሉ የደም መቁጠሪያ ማሽኖች አሉ፤ በአምስት የሚከፍሉም አሉ። ሦስት ከፋዩ ኒውትሮፊልን ለብቻው ላያወጣ ይችላል፤ አንዳንዱ ኢዮሲኖፊል ከተባሉት ጋር ደምሮ ግራኑሎሳይት ይላቸዋል። ኢዮሲኖፊል በትልና በቢልሃርዝያ ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ከአዋሽ ቆላ ትል ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ባለ ማሽን ከተቆጠረ ጥምርታው ሳይገባው ከፍ ሊል ይችላል። ጥናት የሚጽፉ ወጣት ባለሙያዎቻችን ማሽኑ የትኛው እንደነበር ይጻፉ።

ጥምርታውን የሚያወዛውዝ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ሽንት ተዘግቶበት ካቴተር የገባለት ሰው ኢንፌክሽን አያጣውም፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምች፣ ዴክሳሜታሶን የተባለው መድኃኒት፣ ራሱ ኦፕራሲዮኑም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥሩን ያንራሉ። ሩጫም እንዲሁ ነው፦ ረጅምና ከባድ ሩጫ ለሰዓታት ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል። ኃይሌን ባፈራች ከተማ፣ ደራርቱንና ቀነኒሳን ላፈራችው ለበቆጂ ጎረቤት ሆነን ይህን መርሳት አይገባም። ከልምምድ መልስ በቀጥታ ላቦራቶሪ የገባ የበቆጂ ልጅ ወረቀቱ ላይ ጽኑ ሕመምተኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ኢንፌክሽኑ ከታከመ በኋላ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት፣ ተደግሞ ይለካ።

«ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ ይሆናል። ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ምርመራው አስቀድሞ ያለ ነው። አዲስ ማሽን፣ ከውጭ የሚላክ ናሙና፣ የዘር ቅንጣት ምርመራ አይጠይቅም። ወደ ቀዶ ሕክምና ለሚገባ ሰው ሁሉ ሲቢሲ ይሠራለታል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የተገኘ ሕመምተኛ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ወረፋው ቢፋጠን፣ ከኦፕራሲዮን በኋላም ቀጠሮው ጠበቅ ቢል ጉዳት የለውም። ቁጥሩ ዝቅ ያለውን ግን «አንተ ቆይ» ማለት አይገባም፤ ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል።

የጎደለን ሌላ ነገር ነው። ቁጥር ወደፊትን የሚናገረው ያለፈው ከተመዘገበ ብቻ ነው። ሎስ አንጀለስም ሆነ ማዮ የተነበዩት ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ ስለሚያውቁ ነው። የእኛ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ታክሞ ወደ ጢቾ፣ ወደ ሮቤ፣ ወደ ድገሉ ይመለሳል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት ይኑር አይኑር ያከመው ሐኪም አያውቅም። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 ተጀምሯል፤ የሚሸፍነው ግን የከተማውን ነዋሪ ነው።

ሞትን በትክክል የሚመዘግብ ተቋም ግን በየቀበሌያችሁ አለ፤ እድር ነው። እድር ማን፣ በየትኛው ቀን እንደተቀበረ ያውቃል፤ ከሆስፒታል ፋይል ያነሰ ይሳሳታል። በአዲስ አበባ ከ2001 ጀምሮ በመካነ መቃብር ምዝገባ ላይ ተመሥርቶ የሞት ምክንያት ሲጠና ቆይቷል፤ መንገዱ የተሞከረ ነው። እኔ የማቀርበው ይህን ነው፦ ፊኛው የወጣለት ሰው ሲሸኝ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ በካርዱ ላይ ከኦፕራሲዮን በፊት የነበረው ሲቢሲ ሙሉውን ይጻፍ፤ የሁለት ዘመድ ስልክና የእድሩ ስም ይጨመርበት። በየስድስት ወሩ አንድ ሰው ይደውል። ሐኪም መሆን አያስፈልገውም፤ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ይበቃል። አሰላ ብቻዋን በቂ ሕመምተኛ አይኖራትም፤ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ጅማና አዲስ አበባ በአንድ ዓይነት ቅጽ ቢመዘግቡ ግን በጥቂት ዓመታት የራሳችንን ወሰን መፈለግ እንችላለን። ደዋዩ የሚጠይቀው በሕይወት አሉ ወይ፣ በሽታው ተመልሷል ተብለዋል ወይ፣ ካረፉም በየትኛው ቀን የሚለውን ነው። ቀኑን ቤተሰቡ በሚያውቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀበል፤ ወደ አውሮፓው መቀየሩ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው።